ከተከዜ ቆላ እስከ ላስታ መቅደስ፤ የዕጣን ዛፍ ታሪክ



በየዓመቱ የልደት በዓል በላስታ ላሊበላ ሲከበር ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዐለት ጫፍ ላይ ነጭ ለብሰው ተሰልፈው ቤዛ ኵሉን ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው፥ ከዜማውና ከከበሮው ጋር አንድ ሌላ ነገር ከልቡ አይጠፋም፤ ይኸውም ከውስጥ በመስኮቶቹ መስቀሎች መካከል እየሾለከ የሚወጣው የዕጣን ጢስ ነው። ሰብአ ሰገል ከምሥራቅ ተነሥተው ለተወለደው ሕፃን ካመጡለት ከሦስቱ እጅ መንሻዎች ወርቁን ዛሬ በመቅደሱ ደጃፍ የሚያይ ጥቂት ነው፤ ከርቤውንም የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ዕጣኑን ግን ሕፃን ልጅ እንኳ ሳይቀር በአፍንጫው ያውቀዋል። አባቶቻችን በግእዝ ስኂን የሚሉት ይህ ነው።

ስለ ዕጣን ምሥጢርና ምሳሌ መምህራን ብዙ ተናግረዋል፥ ጽፈዋልም። እመቤታችን በወርቅ ማዕጠንት እንደምትመሰል፥ ጸሎትም እንደ ዕጣን ወደ ላይ እንዲያርግ መዝሙረኛው እንደ ለመነ የማያውቅ የለም። በዛሬው ንግግራችን ግን ከምሥጢሩ ዝቅ ብለን ስለ ዛፉ እንነጋገራለን፤ ጢሱ ከእሳት፥ እሳቱ ከጽና፥ ዕጣኑም ከአንድ ዛፍ ልጥ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ያ ዛፍ ከወዴት እንደሚበቅል፥ ምን ታሪክ እንዳለፈበት፥ አሁንም በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ማወቅ ከነገረ ሃይማኖት የራቀ ነገር አይመስለንም።

አንድ ጊዜ በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ዕጣን በትንሽ ቁና እየሰፈሩ የሚሸጡ አንዲት ባልቴት አግኝቼ፥ «እናቴ፥ ይህ ዕጣን ከወዴት መጣ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ከቆላ ነዋ፥ አባቴ» አሉኝ። «ከየትኛው ቆላ?» ብል ደግሞ በእጃቸው ወደ ታች አመልክተው፥ «ከታች» ብለው ዝም አሉ። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል። የላስታ ሰው ዕጣኑን በየቀኑ ያሸተዋል፤ ዛፉን ግን አይቶት አያውቅም። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፥ ከጀርባዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይሆናል። የዕጣን ዛፍ ደግሞ ብርድ አይችልም። ደረቅና ሞቃት፥ ድንጋያማና ገደላማ ቦታ ይወዳል፤ በብዛት የሚገኘውም ከ1,800 ሜትር በታች ባለው ቆላ ነው። ስለዚህ የላስታ መቅደስና የዕጣኑ ዛፍ በአንድ አገር ሳሉ ተያይተው አያውቁም ማለት ይቻላል።

የሚያገናኛቸው ግን አንድ ወንዝ አለ። ተከዜ ምንጩ ከላስታ ተራሮች ነው። ከዚያ ወርዶ ዋግንና ሰሜንን እየለየ፥ አበርገሌን እየነካ፥ በጠለምትና በወልቃይት በኩል አልፎ ወደ ሱዳን ምድር ይገባል። እንግዲህ የላስታ ዝናም የሚወርድበት ያ ጥልቅ ሸለቆ ነው የዕጣን ዛፍ አገር የሆነው። ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ፥ በበጋ ወራት ቅጠል የሌለው፥ ግንዱ ወፍራም፥ ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ በነፋስ የሚርገበገብ ዛፍ በየድንጋዩ ላይ ቆሞ ያያል። አማርኛ ተናጋሪው ባላገር መቀር የሚለው፥ የእጽዋት ሊቃውንት ደግሞ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ብለው የሰየሙት እርሱ ነው፤ የስሙም ትርጓሜ ወረቀት ተሸካሚ እንደ ማለት ነው። ከተከዜ ሸለቆ ሌላ በመተማ፥ በቋራ፥ በሑመራ ቆላ፥ ከዚያም ባሻገር በኤርትራና በሱዳን ይበቅላል። በቦረናና በኦጋዴን የሚለቀመው ዕጣን ከዘመዶቹ ከሌሎች ዛፎች የሚገኝ ነው፤ መዓዛውም መልኩም ይለያል። በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ዕጣን ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ያህል የሚገኘው ከዚህ ከእኛው መቀር እንደ ሆነ ተመራማሪዎች ይናገራሉ።

ዕጣን የመፈለግ ታሪክ ከክርስትና ይቀድማል፥ ከኦሪትም ዘመን ጋር ይጎራበታል። የግብፅ ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ወደ ፑንት ምድር መርከቦች ልካ ነበር። ፑንት በቀይ ባሕር ደቡብ ባለው አፍሪካ በኩል እንደ ነበረች ብዙዎች ይስማማሉ፤ የቦታዋ ወሰን ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ንግሥቲቱ ዴር ኤል በሕሪ በሚባለው መቅደሷ ግድግዳ ላይ ያስቀረጸችው ሥዕል ሰዎቿ የዕጣን ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት ተሸክመው ወደ መርከብ ሲጭኑ ያሳያል፤ ቍጥራቸውም 31 እንደ ነበረ ተጽፏል። ልብ በሉ፤ ሙጫውን ብቻ ገዝቶ መመለስ ሲቻል ዛፉን ራሱን ነቅሎ ወስዶ በቤት ለመትከል የታሰበው ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ሆኖም ግብፅ የዕጣን አገር አልሆነችም፤ ከዚያም በኋላ ዕጣኗን ከሩቅ ማስመጣቷን ቀጠለች።

በእኛም አገር ምስክሩ ከምድር ውስጥ ይወጣል። በትግራይ በውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ በተባለው ስፍራ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተደረገው ቍፋሮ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት መካከል የተሠራ የአልመቃህ መቅደስ ተገኝቷል፤ ከመሠዊያው ጋርም ከድንጋይ የተጠረቡ የዕጣን ማጨሻዎች ወጥተዋል። አልመቃህ የሳባ ሰዎች ጣዖት ነበር። እንግዲህ በዚህ አገር ዕጣን ከክርስትና በፊት ለጣዖት ጨሷል ማለት ነው። ይህን መናገር የሚያሳፍር አይደለም፤ ወርቁም ለጣዖት ይሠራ ነበር፥ በኋላ ግን መስቀል ሆኗል። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ በንጉሥ ካሌብ ዘመን፥ አዱሊስ ወደብ የደረሰው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ስለ ዕጣን ምድር ሲጽፍ በኢትዮጵያ ዳርቻ እንደምትገኝ ተናግሯል። አክሱም ከወርቁና ከዝሆን ጥርሱ ጋር የመዓዛውን ንግድ መንገድ ጠባቂ ነበረች።

በዚህ ላይ አንድ የሮማዊ ሰው ቃል እጨምራለሁ፤ ለኋላ ነገራችን ይጠቅመናልና። ፕሊኒዮስ የተባለው ጸሐፊ በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ ዐረብ አገር ዕጣን ሲጽፍ፥ ዛፎቹን የመፋቅ መብት በውርስ የያዙ ሦስት ሺህ ያህል ቤተሰቦች እንደ ነበሩ፥ እነዚህም ቅዱሳን ተብለው ዛፉን በሚያቆስሉበት ወራት ከርኵሰት ይጠበቁ እንደ ነበር ያወሳል። ቀጥሎም፥ ፈላጊው ጥቂት በነበረ ጊዜ ዕጣን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰበሰብ እንደ ነበር፥ ንግዱ ሲደራ ግን ሁለተኛ ለቀማ እንደ ተጨመረ ይነግረናል። ከዚያው መጽሐፍ እንደምንረዳው ንጉሡ ኔሮን ሚስቱ ፖፒያ በሞተች ጊዜ፥ ዐረብ በአንድ ዓመት ከምታፈራው የሚበልጥ ሽቱ በአንድ ቀን ቀብር አቃጥሏል። ይህ ኔሮን ክርስቲያኖችን በእሳት ያቃጠለው ኔሮን ነው። ከርሱም በኋላ በ3ኛው መቶ ዓመት በዳክዮስ ዘመን ክርስቲያን መሆንና አለመሆን የሚፈተነው ለጣዖታት መሥዋዕት በመሠዋት፥ ጥቂት ዕጣን እሳት ላይ በመጣል ነበር። አንዲት ጭብጥ ዕጣን አልጥልም ብለው አንገታቸውን የሰጡ ሰማዕታት ብዙ ናቸው። ከዚህም የተነሣ የቀደሙት ክርስቲያኖች በጸሎት ቤታቸው ዕጣን ማጨስን ይጠራጠሩት ነበር፤ ሰላም በሆነ ጊዜ፥ ከ4ኛው መቶ ዓመት ወዲህ፥ በመላው አብያተ ክርስቲያናት ሥርዐት ሆኖ ጸና። ያ 4ኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ከቅዱስ አትናቴዎስ ተሹመው ወደ አክሱም የመጡበት፥ ንጉሥ ኢዛናም በመስቀል ያመነበት ዘመን ነው።

ከአክሱም ወደ ላስታ ሲታለፍ ዕጣኑም አብሮ ወጣ። ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ በተራ በተራ ተደርድሮ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የአክሱምን የአሠራር ጥበብ እንደ ጠበቀ ይታወቃል። ከእርሱም በኋላ፥ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ቅዱስ ላሊበላ በሮሓ ዐለቱን ፈልፍሎ ያሠራቸው 11 አብያተ ክርስቲያናት፥ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ተብለው የተመዘገቡት ናቸው። ከዐለት የተሠራ ቤት እርጥበት ይይዛል፥ ጨለማም ይበዛበታል። በእንደዚህ ያለው መቅደስ ውስጥ ካህኑ ጽናውን እያወዛወዘ፥ ቃጭሉ እየጮኸ ሲዞር፥ ጢሱ ከጣሪያው በታች እንደ ደመና ረብቦ ብርሃኑ በመስኮት ሲሰነጥቀው የሚታየው ነገር ሌላ ቦታ የለም። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ በዚያ ዐለት ውስጥ ስንት ዛፍ እንደ ጨሰ ማን ይቈጥረዋል!

አንድ ደብር ዕጣኑን የሚያገኝበት መንገድም የራሱ ታሪክ አለው። ነገሥታት ለአብያተ ክርስቲያናት ጉልት ሲሰጡ በወንጌል ገጾች ላይ ያስጽፉ ነበር፤ ንጉሥ ላሊበላ ራሱ ለደብረ ሊባኖስ ዘሺመዛና የሰጠው ርስት በዚያው ገዳም ወንጌል ተጽፎ ኖሯል። ከዚያ ጉልት ከሚገባው እህልና ማር መገበሪያው፥ ጧፉ፥ ዕጣኑም ይሟላ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ያ ሥርዐት አበቃ። ከዚያ ወዲህ የላስታ ደብር ዕጣን ከምእመናን እጅ የሚገኝ ነው፤ አንዷ እናት በመሐረቧ ጫፍ ቋጥራ፥ አንዱ ገበሬ በስለት፥ አንዱ ተሳላሚ ከከተማ ገዝቶ ያመጣዋል። ይህን ያነሣሁት ስለ መሬት ሥሪት ለመፍረድ አይደለም፤ ዕጣን ሲወደድ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ እንዲታወቅ ነው። በከተማ ያለ ባለጠጋ ደብር ይገዛል። በላስታ ገደል ላይ ያለች፥ ሁለት ካህንና አንድ ዲያቆን ብቻ ያላት ቤተ ክርስቲያን ግን ጽናዋን በከሰል ብቻ ይዛ ትቀራለች፤ ወይም ከሌላ ዛፍ ሙጫ ጋር የተቀላቀለውን ትቀበላለች። እግዚአብሔር በኦሪት ዘፀአት ለሙሴ የዕጣኑን ቅመማ ሲነግረው ንጹሕ ይሁን ብሎ ማዘዙን የሚያስታውስ ካህን በዚህ ያዝናል። (በዚያው ምዕራፍ ያን ዕጣን ለራሱ ማሽተቻ የሚያደርግ ሰው ከሕዝቡ ተለይቶ ይጥፋ የሚል ብርቱ ቃል አለ፤ በየቤቱ ቡና በፈላ ቍጥር ዕጣን የምናጨስ ሰዎች ደግነቱ የምናጨሰው የሙሴን ቅመም አይደለም።)

አሁን ወደ ዛፉ እንመለስ።

ዕጣን እንደ ፍሬ ተበስሎ የሚወድቅ፥ እንደ እህልም ተዘርቶ የሚታጨድ ነገር አይደለም። የቁስል እንባ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ ከመስከረም መጨረሻ ወይም ከጥቅምት ጀምሮ፥ ለቃሚው ስለታም ብረት ይዞ ወደ ዛፉ ይቀርባል፤ ከቅርፊቱ ላይ በጣም ስስ የሆነ ልጥ በመጠኑ ይልጣል። ከቁስሉ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ይወጣና በፀሐይ እየደረቀ ይንጠለጠላል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅማል፥ ቁስሉንም ጥቂት አስፍቶ ያድሰዋል። እንዲህ እያለ ዝናም እስኪመጣ ድረስ በአንድ በጋ 8 ጊዜ፥ አንዳንዴም 12 ጊዜ ይመላለሳል። የተለቀመው ዕጣን ከስብርባሪና ከልጥ ተለይቶ፥ በመልኩና በጓሉ መጠን ተመርጦ ደረጃ ይወጣለታል፤ ነጩና ትልቁ ዋጋው ይበልጣል። ሥራው እጅግ ከባድ ነው። ሙቀቱ፥ ገደሉ፥ የውሃው ጥማት፥ ወባውና እባቡ ሁሉ የለቃሚው ዕጣ ነው። ብዙዎቹ ለቃሚዎች ከደጋ ወይም ከሌላ ወረዳ ለበጋ ብቻ የሚመጡ ድኾች ሲሆኑ፥ የሚከፈላቸውም በለቀሙት መጠን ነው። ቀረጥ ከፍሎ ወደ ዐረብ አገር፥ ወደ ቻይና፥ ወደ አውሮፓ የሚሄደውን የዕጣን ጆንያ ስናይ፥ መጀመሪያ በማን ጀርባ ላይ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል።

ነገር ግን የዛፉን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ አንድ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። የዕጣን ዛፍ ቅጠሉን የሚያወጣው በክረምት ብቻ ነው፤ ምግቡንም የሚያከማቸው በእነዚያ ጥቂት ወራት ነው። በበጋ ቅጠሉን ጥሎ ራቁቱን ሳለ ያብባል፥ ያፈራልም። ሰው የሚያቆስለው ደግሞ በዚያው በበጋ ነው። ስለዚህ ዛፉ ካከማቸው ጥቂት ስንቅ ላይ አበባውን፥ ፍሬውን፥ ቁስሉን የሚሸፍንበትን ሙጫ ሁሉ ባንድ ጊዜ መክፈል አለበት። በ1998 ዓ.ም. የኤርትራው ተመራማሪ ወልደ ሥላሴ ዑቅባዝጊ ከሆላንዳውያን ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት እንደ ተገለጠው፥ ካልቆሰሉ ዛፎች ከተገኘው ዘር ከመቶው ከ80 በላይ የሚበቅል ሲሆን፥ በብርቱ ከቆሰሉት ዛፎች ዘር የሚበቅለው ግን ከመቶ 16 እንኳ አይሞላም። የደከመች እናት የደከመ ልጅ ትወልዳለች እንደሚባለው ሆነ።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የበቀለውም አለማደጉ ነው። በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሆላንድ ተመራማሪዎች ከሌሎች አገሮች ሊቃውንት ጋር ሆነው 23 የዕጣን ዛፍ ስፍራዎችን መርምረው፥ ከ21,000 በላይ ዛፎችን ለክተው፥ የ202 ዛፎችንም የዕድሜ ቀለበት ቈጥረው ያወጡት ጽሑፍ አለ። ከመረመሯቸው ስፍራዎች ከመቶው ከ75 በሚበልጡት ውስጥ ታናናሽ ዛፎች አልተገኙም። ሽማግሌዎች አሉ፥ ጎልማሶች አሉ፤ ወጣቶች ግን የሉም። ቀለበቱ ሲቈጠር ደግሞ ዛፉ ራሱን ከተካ አሥርት ዓመታት ማለፋቸው ታወቀ። በዚህ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ ዕጣኑ በግማሽ እንደሚቀንስ ገምተዋል። ከእነርሱ በፊት በ2004 ዓ.ም. በመተማ አካባቢ የተደረገ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቶ ነበር፤ እዚያ ትልልቆቹ ዛፎች በየዓመቱ ከመቶው ስድስትና ሰባት እየሞቱ ተገኝተዋል፥ በ50 ዓመትም ውስጥ ከመቶው 90ው እንደሚጠፋ ተሰልቶ ነበር።

ከሩቅ ሲያዩት ደኑ ቆሟል፤ ጎተራውም ገና አልጎደለም። ልጅ የሌለበት መንደር ግን ሽማግሌዎቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ብቻ መንደር ይባላል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ነጋዴው ለቃሚውን ይከሳል፤ ለቃሚው ከብት ጠባቂውን ይከሳል፤ ከብት ጠባቂው ደግሞ ሰሊጥ አራሹን። እኔ እንደሚመስለኝ ሁሉም በከፊል እውነት ይናገራሉ። የመቀር ቡቃያ በክረምት ብቅ ይላል፤ በበጋ ጫፉ ይደርቅና ሥሩ ብቻ ከመሬት በታች ይቈያል፤ በሚቀጥለው ክረምት እንደ ገና ይነሣል። እንዲህ እየወደቀ እየተነሣ ሥሩን እስኪያጠነክር ድረስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። በዚህ መካከል ከብትና ፍየል ከበላው፥ በበጋ የሚለቀቀው የሣር እሳት ካቃጠለው፥ ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜ አያገኝም። ከብቱ የበዛው ደግሞ ሰዉ ስለ በዛ ነው፤ በመተማና በሑመራ ቆላ የሰሊጡ እርሻ እየሰፋ ሲሄድ መንጋው ሁሉ ወደ ቀረው ደን ተገፍቶ ገባ። በቆሰለው ግንድ ውስጥ ገብቶ የሚቦረቡር ጢንዚዛም አለ፤ ዛፉ ውስጡ ተበልቶ በነፋስ ሲወድቅ የሚያየው ሰው ነፋሱን ይወቅሳል።

ሰዉስ ለምን ወረደ? እዚህ ላይ የላስታ ስም ተመልሶ ይመጣል። በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኀብ የማያስታውስ የለም። የደጋው መሬት ታርሶ ታርሶ አፈሩ በተከዜ ወርዶ አለቀ፤ ከአባት የተረፈችው ማሳ ለአምስት ልጅ አልበቃ አለች። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም መንግሥት ባወጣው የሰፈራ ዕቅድ ከሰሜን ወሎና ከዋግ ኽምራ ብዙ ቤተሰቦች ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ ተወስደው ሰፍረዋል። እነዚህ ሰዎች ዕጣኑን በልጅነታቸው በደብራቸው ሲያሸቱ ያደጉ ናቸው። ለዓይናቸው እንግዳ የሆነውን ቅጠል የለሽ ዛፍ ሲመነጥሩ ያ ዛፍ መቀር መሆኑን ስንቱ ዐወቀ? የተራበ ሰው ዛፍ ቈረጠ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልፈርድም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ደግሞ ሁሉ ያውቀዋል፤ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በቈየው ጦርነት አበርገሌም፥ ዋግም፥ ላሊበላም የጦር ሜዳ ሆነዋል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ደን የሚጠብቅ አይገኝም።

በለቃሚው ላይስ? ፕሊኒዮስን ያስታወስነው ለዚህ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በዐረብ አገር ሁለተኛ ለቀማ መጨመሩ የሚጻፍ ነገር ሆኖ ነበር፤ ዛሬ በእኛ ቆላ 12 ጊዜ ይደረጋል። የዐረቡ ዛፍ ግን ባለቤት ነበረው፤ ልጁም ይወርሰው ነበር። በሶማሌ ጠረፍ ባሉ ተራሮችም ዛፎቹ እስከ ዛሬ በጎሣና በቤተሰብ የተያዙ ናቸው፤ ያም ቢሆን የውጭ አገር ፈላጊ ሲበዛ ከመቈሰል አላዳናቸውም። በእኛ አገር ደኑ የመንግሥት ነው፥ ለቀማው በፈቃድ ለድርጅት ይሰጣል፥ ለቃሚው ደግሞ የአንድ በጋ እንግዳ ነው። ከሚመጣው ዓመት ዕጣን የእርሱ የማይሆን ሰው ዘንድሮ ዛፉን የሚያሳርፍበት ምክንያት ምንድር ነው? ዕውቀት አጥቶ አይደለም፤ ባለሙያው ለቃሚ ስንት ቁስል ዛፉን እንደማይጎዳ፥ ግንዱም 10 ሳንቲ ሜትር ያልሞላውን መንካት እንደማይገባ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ሳስብ የይምርሐነ ክርስቶስ ደን ፊቴ ላይ ይመጣል። በዙሪያው ያለው ተራራ ሁሉ ተራቍቶ ሳለ በዚያ ቦታ ያረጁት ጽዶች ቆመዋል። የጠበቃቸው ዘበኛ አይደለም፤ የቅዱሱ ዛፍ ነው ተብሎ ስለ ተፈራ ማንም መጥረቢያ አላነሣበትም። በሰሜኑ ደጋ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ከሩቅ አንድ ክብ ጥቁር ደን ካያችሁ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን አለች። ለጥላ የሚሆነው ጽድና ወይራ በቅጥር ተከብሮ ሲኖር፥ በየቅዳሴው የምናጤሰው ዕጣን የሚወጣበት ዛፍ ግን ከቅጥሩ ውጭ፥ ከሰው ዓይን ርቆ፥ በቆላ ቀረ። ይህ ከበደል የመጣ አይደለም፤ ከአየሩ ጠባይ የመጣ ነው፤ ጽድ የደጋ፥ መቀር የቆላ ሆነው ስለ ተፈጠሩ ነው። ውጤቱ ግን ይኸው ነው።

በኦሪት ዘዳግም ከተማ ለመያዝ የከበበ ሠራዊት እንኳ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ እንዳይቈርጥ ተከልክሏል። ዛፉ ከሰው ጋር ጠብ የለውምና።

ምን ይደረግ ለሚል ሰው ተመራማሪዎቹ ያገኙት ጥቂት ነገር አለ። አንደኛ ዛፉን ማሳረፍ ነው፤ ለጥቂት ዓመታት ሳይቈስል የቈየ ዛፍ ስንቁን መልሶ ያከማቻል፥ የተሻለ ዘርም ይሰጣል። ከብትና እሳት በተከለከለበት ስፍራ ደግሞ ቡቃያው እንደሚበዛ በትግራይ ታይቷል፤ ነገር ግን ወደ ዛፍነት የሚያልፈው እዚያም ጥቂት ነው፥ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የቅርንጫፉ ነገር ነው። ከጤነኛ ዛፍ የእጅ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ረጅም ቅርንጫፍ ተቈርጦ፥ ቁስሉ ጥቂት ደርቆ፥ በበጋ ገና ቅጠል ሳያወጣ በመሬት ከተተከለ ሥር ይሰዳል። ከብት የማይደርስበት ቁመት ይዞ ስለሚነሣ፥ ቡቃያው በብዙ ዓመት መውደቅና መነሣት የሚያልፈውን መከራ በአንድ ዝላይ ያልፈዋል። ሁሉም አይጸድቅም፤ በየቦታውም ውጤቱ ይለያያል።

የሐትሼፕሱት ሰዎች ከነሥሩ በቅርጫት ተሸክመው የሄዱት ዛፍ በባዕድ ምድር አገር አልሆነውም። በአበርገሌና በጠለምት ቆላ ያሉ ደብሮችና ገዳማት ግን ከመቀሩ አገር ውስጥ ናቸው፤ ቅጥራቸውም የተከበረ ነው። ከእነርሱ አንዱ ደብር በየካቲትና በመጋቢት 20 ወይም 30 ቅርንጫፍ በቅጥሩ ውስጥ ቢተክል፥ በግንቦት መጨረሻ የመጀመሪያው ቅጠል ብቅ ማለቱንና አለማለቱን የደብሩ ቄሰ ገበዝ በዓይናቸው ያዩታል።